ምዕራፍ ስድስት፦ ስህተቱ ጠርዝ አለው?

ብርቱካናማ የመጽሐፍ ሽፋን እናስብ። ርዕሱ በነጭ ፊደል ተጽፏል፤ ከፊደሎቹ ሥር ለስላሳ ጥላ ወድቋል። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ እንከን የለውም። ታትሞ ሲመጣ ግን በርዕሱ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሳጥን አብሮ መጥቷል። ከሳጥኑ ውጭ ያለው ብርቱካናማ ደማቅ ነው፤ ውስጥ ያለው ፈዟል፣ ወደ ቡናማም ያደላል። ይህን ሳጥን ማንም አልሣለውም። ፋይሉ ተከፍቶ ሌየሮቹ አንድ በአንድ ቢበረበሩም አይገኝም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በኅትመት ሥራ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ዲዛይነሩ «ማሽኑ ነው» ይላል፤ ማተሚያ ቤቱ «ፋይሉ ነው» ይላል፤ ገንዘቡን የከፈለው ደራሲ ሁለቱን እያየ ይቆማል። በመጨረሻ ጥላው ይሰረዝና ሽፋኑ እንደገና ይታተማል። የችግሩ ምክንያት ስላልታወቀ በሚቀጥለው መጽሐፍ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ያሳዝነኛል። ጥላ ፊደልን ከተዝረከረከ ምስል ላይ ነጥሎ የሚያወጣ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ አሠራሩን ባለማወቅ ብቻ ሊጣል አይገባም።

የጥላ የቀለም ችግር ሲገጥም ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በዚህ ምዕራፍ ርዕስ ላይ የተጻፈው ነው። ስህተቱ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ ጠርዝ ካለው፣ ምንጩ ፋይሉ ወይም ፋይሉን ወደ ማተሚያ ሰሌዳ፣ ማለትም ወደ ፕሌት፣ የሚለውጠው ሶፍትዌር ነው። የኦፍሴት ማሽን በራሱ ጊዜ አራት ማዕዘን ቆርጦ አያደበዝዝም። ጠርዝ ከሌለው፣ ማለትም ጥላው በሙሉ ከቀላ፣ ወደ አረንጓዴ ካደላ ወይም ከጠቆረ፣ ምርመራው ወደ ቀለሙ ምጣኔ፣ ወደ ወረቀቱና ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ሦስተኛም ዓይነት አለ። ፒዲኤፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታይና ገጹን ስናቀርበውና ስናርቀው ውፍረቱ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ይህ ሞኒተሩ የተቆራረጡ የምስል ክፍሎችን ሲያገጣጥም የሚፈጥረው ነገር ነው፤ በአብዛኛው ወደ ወረቀት ስለማይደርስ እንቅልፍ ሊያሳጣ አይገባም።

ሳጥኑ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት ለማተሚያ መሣሪያ ገጽን የሚገልጽ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ አሳላፊ ነገር አያውቅም። አንዱ ቅርጽ በሌላው ላይ ሲቀመጥ የታችኛው ይሸፈናል፤ በከፊል ማሳየት የሚባል ነገር የለም። የጥላ ተፈጥሮ ደግሞ ማሳለፍ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሳያጠፋ ያጠቁረዋል። ኢለስትሬተር በ9ኛ እትሙ በ2000፣ ፒዲኤፍ በ1.4 እትሙ በ2001፣ ኢንዲዛይን በ2ኛ እትሙ በ2002 አሳላፊነትን፣ በሙያው አጠራር ትራንስፓረንሲን፣ ተቀበሉ። ዲዛይነሩ አንድ ትዕዛዝ መርጦ ጥላ መጣል ቻለ። ፋይሉን ተቀብሎ ወደ ጥቃቅን ነጥቦች የሚለውጠው የማተሚያ ቤቱ ሥርዓት፣ ሪፕ የሚባለው፣ ግን ገና በፖስትስክሪፕት ያስብ ነበር። ስለዚህ አሳላፊ የሆነውን ሁሉ አሳላፊ ወዳልሆነ የሚለውጥ ሥራ በመሃል ገባ። ስሙ ፍላት ማድረግ ነው።

ፍላት ሲደረግ ሶፍትዌሩ ጥላው ያረፈበትን አካባቢ በአራት ማዕዘን ይከልላል። በክልሉ ውስጥ ጥላውንና ከሥሩ ያለውን አስልቶ አንድ ላይ ያዋህዳል። ከክልሉ ውጭ ያለው ጀርባ እንደነበረ ይቀራል። ሳጥኑ የተወለደው እዚህ ነው። እንዲያውም ፍላት በተደረገ ፋይል ውስጥ ሳጥኑ ሁልጊዜ አለ። በውስጥም በውጭም ቀለሙ በአንድ መንገድ እስከተገለጸ ድረስ ዓይን አይለየውም። ውስጡ በአንድ መንገድ፣ ውጩ በሌላ መንገድ ሲገለጽ ግን ብቅ ይላል። በጥላ ዙሪያ ከሚነሡት የቀለም ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫሉ፦ ጥላ ቀለሞችን አንድ ላይ እንዲሰሉ ያስገድዳል፤ አንድ ላይ ለመሰላት ደግሞ ሁሉም በአንድ የቀለም ቋንቋ መጻፍ አለባቸው።

ብርቱካናማው ሽፋን በፓንቶን ኦሬንጅ 021 የተሠራ ነበር እንበል። ይህ ስፖት ከለር ነው፤ ቀድሞ ተበጥብጦ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ በራሱ ፕሌት የሚታተም አንድ ወጥ ቀለም። ያንን ድምቀት ከሳያን፣ ከማጄንታ፣ ከየሎና ከብላክ ቀላቅሎ ማግኘት አይቻልም፤ አራቱ ቀለሞች ከሚደርሱበት ክልል ውጭ ነው። ፍላት ሲደረግ ሶፍትዌሩ በክልሉ ውስጥ ያለውን ኦሬንጅ ወደ አራቱ ቀለሞች ከለወጠው የፈዘዘ ሳጥን ይወጣል። አጉሊ መነጽር ክርክሩን በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል። ከሳጥኑ ውጭ ቀለሙ ነጥብ የሌለው አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን የማጄንታ ነጥቦች በየሎው ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ያን ጊዜ ማሽኒስቱን መውቀስ አይቻልም፤ እርሱ የተሰጠውን ፕሌት በትክክል አትሟል።

ሳጥኑ በሌላ መልክም ይመጣል፤ ፈዝዞ ሳይሆን ነጭ ሆኖ። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌሩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ኦሬንጁን በራሱ ፕሌት ጠብቆ፣ ጥላውን በብላክ ፕሌት ላይ ብቻ አስቀምጦ፣ «ብላኩ በኦሬንጁ ላይ ይታተም» የሚል ትዕዛዝ ጽፏል። ትዕዛዙ ኦቨርፕሪንት ይባላል። የሚያነበው መሣሪያ ትዕዛዙን እንዲያከብር ካልተስተካከለ፣ ብላክ ያረፈበትን ክልል ሁሉ ከኦሬንጁ ላይ ቆርጦ ያወጣዋል። ውጤቱም ነጭ ሳጥን፣ በውስጡም ግራጫ ጥላ ነው። ሞኒተርም ይህንኑ ያሳያል፤ የኦቨርፕሪንት ማሳያው ካልበራ ደህናው ፋይል የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ሳጥን የታየ እንደሆነ ፋይሉን ከመነካካት በፊት አክሮባት ውስጥ የኦቨርፕሪንት ማሳያውን ማብራት ነው። ሳጥኑ ከጠፋ ፋይሉ ደህና ነው፤ የቀረው ማተሚያ ቤቱ ሪፑ ኦቨርፕሪንትን እንዲያከብር ማድረጉን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለሙከራ በቢሮ ሌዘር ፕሪንተር የሚወጣው ወረቀትም በዚሁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

መፍትሔው ሥራው በሚታተምበት ቀለም ይወሰናል። ሽፋኑ በአራቱ ቀለሞች ብቻ የሚታተም ከሆነ ስፖት ከለር ፋይሉ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ብዙ ጊዜ ከድርጅት ዓርማ ጋር ሳይታወቅ ይገባል፤ በኢንዲዛይን የቀለም ማስተዳደሪያ ሰሌዳ፣ ኢንክ ማኔጀር በሚባለው፣ ፒዲኤፉ ከመውጣቱ በፊት ስፖቶቹን በሙሉ ወደ አራቱ ቀለሞች መለወጥ ይበቃል። ያን ጊዜ ከሳጥኑ ውጭም ውስጥም ያለው በአንድ ጊዜና በአንድ መንገድ ይለወጣል፣ ልዩነት አይኖርም። ኦሬንጁ በእውነት በራሱ ፕሌት የሚታተም ከሆነ ግን ፋይሉን ቀድሞ ፍላት አለማድረግ ይሻላል። በ2001 የወጣው ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ የተባለው መስፈርት አሳላፊነትን ፈጽሞ ይከለክላል፤ ስለዚህ በዚያ መስፈርት የሚወጣ ፋይል ሁሉ ፍላት ይደረጋል። አዶቢ በ2006 አሳላፊነትን እንዳለ የሚያነብ ፒዲኤፍ ፕሪንት ኤንጂን የተባለ ሥርዓት ለሪፕ ሠሪዎች አቀረበ፤ በ2008 ደግሞ አሳላፊነትን የሚፈቅደው ፒዲኤፍ/ኤክስ-4 መጣ። ማተሚያ ቤቱ ይህን የሚቀበል ከሆነ ስሌቱ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይዘገያል፤ የሚታተምበትን ቀለም በትክክል የሚያውቀው ሪፕም ራሱ ያሰላዋል። እኔ ምርጫ ሲኖር ሁልጊዜ ይህን እመርጣለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማተሚያ ቤቱን «ኤክስ-4 ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ስልክ ጉዳይ ነው።

የስህተቱ ጠርዝ አንዳንዴ የገጹ ጠርዝ ራሱ ይሆናል። በአንድ መጽሔት ላይ በየገጹ አናት ተመሳሳይ ቀይ መስመር አለ፤ ታትሞ ሲመጣ በአንዳንዱ ገጽ ቀዩ የተለየ ነው። ገጾቹን ብንለያያቸው የተለዩት ጥላ ያለባቸው ሆነው ይገኛሉ። እዚህ ላይ የሚመረመረው ኢንዲዛይን ቀለሞችን ለማዋሃድ የሚጠቀምበት የቀለም ቋንቋ ነው፤ ትራንስፓረንሲ ብሌንድ ስፔስ ይባላል። ለኅትመት በሚሠራ ፋይል ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም የአራቱ ኅትመት ቀለሞች ቋንቋ፣ መሆን ሲገባው የሞኒተር ቋንቋ በሆነው አርጂቢ ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ጥላ ያለበት ገጽ ቀለም ወደ አርጂቢ ሄዶ እንደገና ወደ ሲኤምዋይኬ ይመለሳል። በዚህ ጉዞ ቀዩ ይለወጣል። ከዚያ የከፋው በጽሑፉ ላይ የሚደርሰው ነው። በብላክ ብቻ የነበረው ጥቁር ጽሑፍ ሲመለስ የአራት ቀለሞች ድብልቅ ይሆናል፤ አራቱ ፕሌቶች በፀጉር ስፋት ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ደግሞ በቀጭን ፊደል ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ይወጣል።

ይህን ለማወቅ የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ፣ ማንኛውም ደራሲ ፋይሉን ከመፈረሙ በፊት ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ፒዲኤፉን አክሮባት ፕሮ ላይ ይክፈቱ፤ አውትፑት ፕሪቪው የሚለውን መስኮት ያውጡ፤ ከቀለሞቹ ዝርዝር ብላክን ያጥፉ። ጥቁሩ ጽሑፍ ከገጹ ላይ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ቡናማ ወይም ግራጫ ዱካው ከቀረ ጽሑፉ በአራት ቀለም ተሠርቷል ማለት ነው፤ ፋይሉ ወደ ዲዛይነሩ ይመለስ። ይህንኑ መስኮት ይዘው ጥላውንም መመርመር ይችላሉ። ብላክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ጥላ በአንድ ቀለም የተሠራ ነው፤ የሚቀር ጥላ የሌሎቹም ቀለሞች ድርሻ አለበት።

ጽሑፍን ካነሣን አይቀር፦ ከጥላ ሥር የዋለ ጽሑፍ ፍላት ሲደረግ ይቆረጣል። የመስመሩ ግማሽ ወደ ቅርጽ ወይም ወደ ምስል ተለውጦ ይወፍራል፣ ግማሹ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ጽሑፉን ከሁሉ በላይ ባለ ሌየር ላይ ማስቀመጥ ይህን ያስወግዳል።

አሁን ጠርዝ ወደሌላቸው ስህተቶች እንምጣ። ከሁሉ የሚበዛው በፎቶሾፕ ተሠርቶ ወደ ኢንዲዛይን የገባ ጥላ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ጥላው መልቲፕላይ በሚባለው የማዋሃጃ ስልት ይሠራል፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳይቀንስ ጥቁሩን ይጨምርበታል። ፋይሉ ጀርባው ባዶ ሆኖ ወደ ኢንዲዛይን ሲገባ ግን ይህ ግንኙነት ይቋረጣል፤ ጥላው ከገጹ ጀርባ ጋር የሚዋሃደው ኖርማል በሚባለው ስልት ነው። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። ጀርባው ማጄንታ 50 እና የሎ 100 ይሁን፤ ጥላው ብላክ 100 ሆኖ በ60 በመቶ ጥንካሬ ይረፍበት። በመልቲፕላይ ማጄንታው 50፣ የሎው 100 እንዳሉ ሆነው ብላክ 60 ይጨመራል። በኖርማል ግን ማጄንታው ወደ 20፣ የሎው ወደ 40 ይወርዳል፣ ብላኩ 60 ይሆናል። የመጀመሪያው የጠቆረ ብርቱካናማ ነው፤ ሁለተኛው ብርቱካናማነቱን አጥቶ አመድማ ሆኗል። «ጥላው ጭስ መሰለ» የሚባለው ይህ ነው። ማሽኑ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም። ጥላውን ከፎቶሾፕ አውጥቶ በኢንዲዛይን ራሱ መጣል፣ ወይም ጥላውን ለብቻው ፋይል አድርጎ ኢንዲዛይን ላይ መልቲፕላይ ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥላው ጥቁር ከምን እንደተሠራ ነው። በአርጂቢ የተሠራ ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲለወጥ አንድ ቀለም አይሆንም። በአሜሪካ በሰፊው በሚሠራበት የስዎፕ ፕሮፋይል፣ ማለትም የኅትመት ቀለም ባሕርይ መግለጫ፣ ሲለወጥ ሳያን 75፣ ማጄንታ 68፣ የሎ 67፣ ብላክ 90 ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥላ እየሳሳ ወደ ጫፉ ሲሄድ አራቱ ቀለሞች አብረው ይሳሳሉ። ግራጫ የሚመስለው ሳያን፣ ማጄንታና የሎ ሚዛናቸውን እስከጠበቁ ድረስ ነው። ማሽኑ ላይ ማጄንታው ትንሽ ከበዛ ጥላው ይቀላል፤ ሳያኑ ካየለ ሰማያዊ ይሆናል። ያውም ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ይለያያል። በነጭ ወረቀት ላይ ለሚወድቅ ጥላ ብላክ ብቻ መጠቀም ይህን በሙሉ ያስቀራል፤ አንድ ቀለም ከራሱ ጋር ሚዛን አይስትም።

ብላክ ብቻ ለሁሉም ቦታ መልስ ነው ማለት ግን አይደለም። በቢጫ ላይ የወደቀ የብላክ ጥላ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ዓይናችን የጠቆረ ቢጫን እንደ ወይራ ፍሬ አረንጓዴ አድርጎ ያየዋልና። ቢጫ ሽፋን በብዛት በሚወደድበት ገበያ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሙቀቱን የጠበቀ ጥላ የሚገኘው ከጀርባው ቀለም ጋር የሚዛመድ ጥቁር ሲመረጥ ነው። ለቢጫ ጀርባ ማጄንታ 60፣ የሎ 100፣ ብላክ 40 የሆነ ቡናማ ወስዶ በመልቲፕላይ መጣል ከየትኛውም ንጹሕ ብላክ ያምራል። በፀሐይ በሞቀ ግድግዳ ላይ የሚወድቀውን የእውነት ጥላ ያየ ሰው ጥላ ግራጫ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጥላ በጠቆረ ፎቶግራፍ ላይ ሲወድቅ ደግሞ የቀለሙ ጠቅላላ መጠን ይነሣል። የአራቱ ቀለሞች መቶኛ በአንድ ነጥብ ላይ ሲደመር ወረቀቱ ሊሸከመው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። በአውሮፓ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት በተዘጋጀው አይኤስኦ ኮትድ ቪ2 ፕሮፋይል ጣሪያው 330 ነው፤ ለጋዜጣ ወረቀት 240። ፎቶግራፉ ወደ ጋዜጣ ፕሮፋይል ተለውጦ አንድ ነጥብ ላይ ሳያን 80፣ ማጄንታ 70፣ የሎ 60፣ ብላክ 30 ይዟል እንበል፤ ድምሩ በትክክል 240 ነው። በዚህ ላይ 60 በመቶ ጥንካሬ ያለው የብላክ ጥላ ሲያርፍ ብላኩ ወደ 72 ይወጣል፣ ድምሩም 282 ይሆናል። ፎቶግራፉ ለብቻው ሲፈተሽ ደህና ነበር፤ ጥላውም ለብቻው ደህና ነው፤ ሲገናኙ ግን ወረቀቱ ይረጥባል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ ወደተደረበው ወረቀት ጀርባ ይዛወራል። አክሮባት ጣሪያውን ያለፉ ቦታዎችን በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ፍተሻው መደረግ ያለበት በተናጠል ምስል ላይ ሳይሆን በተጠናቀቀው ገጽ ላይ ነው።

ጋዜጣ ወረቀት ላይ ሌላም ችግር አለ። ወረቀቱ ቀለም ስለሚመጥ የኅትመት ነጥብ ይሰፋል፤ በጋዜጣ መስፈርት መካከለኛው ነጥብ ወደ 26 በመቶ ያህል እንደሚሰፋ ይታሰባል። ፋይሉ ላይ 50 የነበረው ወረቀቱ ላይ 76 ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሞኒተር ላይ ለዘብ ያለ የመሰለው ጥላ እንደ ቁስል የሚጠቁረው ለዚህ ነው። የጋዜጣውን ፕሮፋይል ሞኒተሩ ላይ አብርቶ መሥራት የተሻለ ነው፤ ያ ካልተቻለ ኢንዲዛይን በራሱ የሚሰጠውን 75 በመቶ ጥንካሬ ለጋዜጣ ወደ 40 ማውረድ እመክራለሁ።

በሽፋኑ ላይ እንደተጻፈው ያለ ነጭ ርዕስ የራሱ አደጋ አለው። ነጭ ቀለም አይታተምም፤ ወረቀቱ ነው ነጩ። ነጩ ፊደል በስህተት ኦቨርፕሪንት ተብሎ ከተመዘገበ፣ ለምሳሌ ቀድሞ ጥቁር የነበረ ዓርማ ወደ ነጭ ሲለወጥ ትዕዛዙ አብሮት ከቀረ፣ ምንም በምንም ላይ ይታተምና ፊደሉ ይጠፋል። ጥላው ግን ይቀራል። የኦቨርፕሪንት ማሳያውን ማብራት ይህንንም ከመታተሙ በፊት ያወጣዋል።

የቀለሙ ጉዳይ ሁሉ ተስተካክሎም የአማርኛ ርዕስ በጥላ ሊጎዳ ይችላል። ኢንዲዛይን ጥላውን ሲጥል ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደሚመጣ፣ በ135 ዲግሪ፣ አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ ጥላው ወደ ቀኝና ወደ ታች ይወድቃል። ካዕብን ከግዕዝ የምትለየው ቅጥያ በፊደሉ ቀኝ ጎን ላይ ናት፤ የሣልሷ ቅጥያና የኃምሷ ቀለበት በቀኝ እግሩ ሥር ናቸው። ጥላው የሚያርፈው ልክ እነርሱ ባሉበት ነው። ጠቆር ባለ ጀርባ ላይ «ቡ» እና «ቢ» ከሩቅ መለየት ያስቸግራል፤ እንደ «ጠ»፣ «ሐ» እና «ጬ» ያሉ ባለ ሦስት እግር ፊደላትም በእግሮቻቸው መካከል ያለው ክፍተት በጥላ ይሞላል። ብርሃኑን ወደ 90 ዲግሪ ማዞር ጥላውን ቀጥታ ወደ ታች ይጥለዋል፤ 45 ዲግሪ ደግሞ ወደ ግራ ይወስደዋል፣ ቅጥያዎቹም ነጻ ይወጣሉ። ርቀቱ ከፊደሉ እግር ውፍረት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ርዕሱን በሽፋኑ ትክክለኛ መጠን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መጽሐፉ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚታይበት ርቀት ያህል ራቅ ብሎ፣ ርዕሱን ለማያውቅ ሰው ማስነበብ ነው።